በሦስት ዓመት አንድ ስሕተት የሌለባቸው ሰው

የጋሽ ቀለመወርቅን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ስል ሰው ሁሉ «ኧረ በስመ አብ በይ! በሽታ ነው እኮ» ይለኛል። በሽታ መሆኑንማ ሐኪሙም ነግሮናል፤ ስሙንም ግላኮማ ብሎ ጽፎ ሰጥቶናል። በሽታውን እኔ አላመጣሁትም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳይታወቅ የደበቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሳቸው። እንዴት አድርጌ እንደደበቅኩት ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላም በስመ አብ የምትሉ ካላችሁ በሉ።

ጋሽ ቀለመወርቅ ደብረ ማርቆስ ተወልደው ያደጉ፣ ሃያ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ባሕር አይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በፈረንጆች 1970 ፊዚክስ ሊማሩ ስቶክሆልም መጡ። አምስት ዓመት ተምረው ሊመለሱ ነበር፤ አምስቱ ዓመት ሲያልቅ አገር ቤት አብዮት ሆኖ ጠበቃቸው። «ነገሩ እስኪረጋጋ» ብለው ለአንድ በጋ አንድ የባሕር ምርምር መሥሪያ ቤት ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆነው ገቡ። ነገሩ ሳይረጋጋላቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላቸው፤ ከጠርሙስ ማጠብም ተነሥተው የጨው ላቦራቶሪው ኃላፊ ሆኑ። ዋና እስከ ዛሬ አይችሉም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጋሽ ቀለመወርቅ፣ መርከብ ላይ ምን ይሠራሉ?» ሲሏቸው «ጨው እለካለሁ» ይላሉ። «ለጨው ነው እንዴ ያን ያህል ፊዚክስ የተማሩት?» ብለው ሲስቁባቸው አብረው ይስቃሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች የታሰሩበት ክብ ብረት ከመርከቧ ጎን በሽቦ ገመድ ወደ ባሕር ይወርዳል። መኻሉ ላይ ሴንሰር አለ፤ እየወረደ የውኃውን ሙቀትና ጨው ለክቶ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ጠርሙሶቹ ደግሞ ከየጥልቀቱ ውኃ ይዘው ይወጣሉ። ያ ውኃ በትንንሽ ብልቃጥ ተቀድቶ በሳጥን ይደረደርና ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ በሌላ መሣሪያ አንድ በአንድ ይለካዋል፤ ቁጥሩንም በእጁ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሴንሰሩ ያለውና ሰውየው የጻፈው ከተስማሙ ሴንሰሩ ይታመናል። ካልተስማሙ የሚታመነው ሰውየው ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውየው ማለት ጋሽ ቀለመወርቅ ማለት ነበር።

እኔንም እዚያ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ በኬሚስትሪ ተመርቄ፣ ባሌን ተከትዬ ስቶክሆልም መጥቼ፣ ስድስት ዓመት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ኖሬያለሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝና «ፀደይ፣ ኬሚስት ነሽ አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

«ነበርኩ» አልኳቸው።

«ነበርኩ የሚባል ኬሚስት አላውቅም» ብለው በሳምንቱ ይዘውኝ ሄዱ። ለአለቆቹ ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ተቀጠርኩ። የወለደኝ አባት ያላደረገልኝን አድርገውልኛል ብል ማጋነን አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ ስለ ጨው ሳይሆን ስለ እርሳስ ነበር። መርከብ ላይ በብዕር አይጻፍም፤ ውኃ ሲነካው ይፈስሳል። «እርሳስ ነው ብለሽ ግን በላጲስ እንዳታጠፊ» አሉኝ። «የተሳሳተው ቁጥር ላይ አንድ መስመር ብቻ ታሰምሪበታለሽ፤ እንደተሰረዘም ይነበባል። ትክክለኛውን አጠገቡ ጽፈሽ የራስሽን ምልክት ታደርጊበታለሽ። ስሕተቱም እንዲታይ ነው የምንፈልገው፤ ማን እንደተሳሳተ፣ መቼ እንደተሳሳተ።» እኔም እሺ አልኩ፤ አራት ዓመትም እንደ ታቦት ሕግ ጠበቅኩት።

በፈረንጆች 2003፣ ኅዳር ወር ላይ፣ አሮጌዋ መርከብ ላይ ብልቃጥ ሳጥብ ሰባተኛዋን ብልቃጥ እንደተሞላች አገኘኋት። ክዳኗ አልተነካም። ጋሽ ቀለመወርቅ በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን ብልቃጥ ሳያዩዋት ወደ ስምንተኛዋ አልፈዋል። መዝገቡን ስገልጠው የስምንተኛዋ ቁጥር በሰባተኛዋ ቦታ፣ የዘጠነኛዋ በስምንተኛዋ ቦታ፣ እንዲያ እየተባለ ሁሉም አንድ መስመር ወጥቷል። መጨረሻው መስመር ባዶ ሲቀርባቸው «አሥራ ሁለተኛው ጠርሙስ ባሕር ውስጥ አልተዘጋም» ብለው ጽፈዋል። ጠርሙስ አለመዘጋት ደግሞ ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው።

ስዊድናዊ ቢሆን የሚያደርገው የታወቀ ነው። «ቀለም፣ አንዱን ዘለሃል» ይላቸዋል፤ ተሳስቀው ያርሙታል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኔ ግን በልጃቸው ዕድሜ ሆኜ፣ ያን ሁሉ ያደረጉልኝን ሰው «ተሳስተዋል» ልበላቸው? አፌ እንቢ አለኝ። መስመር አስምሬ ምልክቴን ባደርግበት ደግሞ ገጹን ሲገልጡ ራሳቸው ያዩታል፤ የሁላችንም አለቃ ሌናርትም ያየዋል። ነውር መሰለኝ። ሁሉም ምሳ ሲሄድ ከየብልቃጡ የተረፈውን ውኃ እንደገና ለካሁ። ላጲስ አወጣሁና አጠፋሁ፤ የእሳቸውን እጅ ጽሑፍ አስመስዬ ጻፍኩ። ሰባትን ወገቧ ላይ ይቆርጧታል፣ አራትን አናቷን ክፍት ይተዉአታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ለምዶት ነበር።

አንድ ቀን ነው ብዬ ነበር። በወሩ ተደገመ፤ ከዚያ በየጉዞው ሆነ። ብልቃጥ ይዘልላሉ፤ የመዝገቡን ግራ ዳር ሳያዩት ያልፋሉ፤ በር ላይ ትከሻቸውን ይመታሉ። የመርከብ በር ደፉ ከፍ ያለ ነው፤ ይደናቀፉበታል። «መጣች እርጅና» እያሉ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ፊት ለፊታቸው ያለችውን ደቃቅ ቁጥር ግን ከእኔ ቀድመው ያነቧታል፤ ለዚህ ነው ነገሩ የዓይን ነው ብሎ ማሰብ ለማንም ያልመጣው። ለእኔም አልመጣልኝም ብል ደስ ባለኝ። መጥቶልኝ ነበር። ቁጥሩን ሳስተካክል ግን ነገሩም አብሮ የተስተካከለ ይመስለኝ ነበር።

አዲሷ መርከባችን ታርና በ2006 ሚያዝያ ገባችና ፍሪሃምነን ወደብ ላይ ታሰረች። መርከብ አዲስ ስለሆነች ብቻ ባሕር አትወጣም። ገመዱ የሲሚንቶ ብሎክ ተንጠልጥሎበት ይሞከራል፤ ቧንቧው ዝገት እንዳይተፋ ሳምንት ሙሉ ይታጠባል፤ እያንዳንዱ ሴንሰር ይፈተናል። ጠዋት ጠዋት ከጋሽ ቀለመወርቅ ጋር ከሱንድቢበሪ ሠፈር በፔንደልቶግ ባቡር፣ ከዚያ በአንድ ቁጥር አውቶቡስ እየሄድን ሦስት ወር ላቦራቶሪዋን አሰናዳን። መሳቢያዎቹ መቆለፊያ እንደሌላቸው፣ በመጀመሪያው ማዕበል ብልቃጡ ሁሉ ወለል ላይ እንደሚያልቅ ያዩት እሳቸው ናቸው። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በቀጥታ የጨው መሣሪያው ላይ እንደሚነፍስ የደረሱበትም እሳቸው ናቸው፤ ቀጭን ወረቀት በክር አንጠልጥለው ሲወዛወዝ ለኢንጂነሮቹ አሳዩአቸው። ኢንጂነሮቹ ቀዳዳውን ወደ ጣሪያው አዞሩት።

«ይችን አስጀምሬ የመጀመሪያ ጉዞዋን ልሂድባት» ይሉኝ ነበር አውቶቡሱ ውስጥ። «ከዚያ ፔንሾኔን ይስጡኝና መነንን ይዤ አገሬን እጎበኛለሁ።» መነን ባለቤታቸው ናቸው።

«እርስዎ ሲሄዱ ጨው ማን ይለካል?» እላቸዋለሁ።

«አንቺ አለሽ። እጅሽ እንደ እጄ ነው» ይሉኛል፤ እኔም በመስኮቱ ወደ ውጭ አያለሁ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ መርከቧ ለመጨረሻው ፈተና ወደ ላንድሶርት ወጣች፤ ባልቲክ ከሁሉም የሚጠልቅበት ቦታ ነው። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም። ልጄ ሚካል ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰችበት ቀን ነበር። ስዊድን ውስጥ ይህ ቀን ከሠርግ አያንስም፤ ልጆቹ ነጭ ቆብ አድርገው እየጮኹ ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ ወላጅ የሕፃንነት ፎቷቸውን እንጨት ላይ ሰቅሎ ደጅ ይጠብቃል። «ሂጂ እንጂ! ልጅሽ በየዓመቱ አትመረቅ። እኔ ብቻዬን እወጣዋለሁ» ብለው የሰደዱኝ ራሳቸው ናቸው። የሚካልን ፎቶ ተሸክሜ ቆሜ ሐሳቤ ሁሉ ብልቃጡ ሳጥን ጋ ነበር። ልጄ በስዊድንኛ «ማማ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ደስታ ነው» አልኳት።

ሰኞ ወደብ ስደርስ ሴንሰሩ ተነቅሎ ወደ ፋብሪካው ሊላክ ታሽጓል። የጋሽ ቀለመወርቅ ገጽና የሴንሰሩ ቁጥር ከአምስተኛው ጠርሙስ ጀምሮ አልተስማሙም፤ በሕጋችን መሠረት የታመነው ሰውየው ነው። ገጹን አንዴ አየሁት፤ በቃኝ። መጨረሻው መስመር ላይ «አሥራ ሁለተኛው አልተዘጋም» ይላል። ያኔ «ቆዩ፣ አትላኩት» ማለት እችል ነበር። የሴንሰሩ ሳጥን ገና መኪና ላይ አልተጫነም። ሁለት ሰዎች ተሸክመውት በአጠገቤ ሲያልፉ መንገድ ለቀቅኩላቸው።

ፋብሪካው ሁለት ሳምንት አቆይቶ «ሴንሰሩ ምንም የለበትም» ብሎ መለሰው። የመርከቧ የመጀመሪያ ጉዞ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ተገፋ። ሌናርት ገጹን ቢሮው ውስጥ ዘርግቶ ቁጥሮቹን በጣቱ አንድ አንድ መስመር ዝቅ ሲያደርጋቸው ሁሉም ከሴንሰሩ ጋር ገጠሙ። ጠራኝ።

«ፀደይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃል?»

«በፍጹም» አልኩት።

«እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት። የሦስት ዓመቱን መዝገብ ገለበጥኩት፤ ቀለም አንድ ስርዝ የለበትም። እኔ ብሆን በየገጹ አራት አለኝ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «ቢሆንም ዓይኑን ይታይ።» በዚያው ከሰዓት ሄዶ ፊት ለፊት ነገራቸው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጋሽ ቀለመወርቅም አልተቀየሙትም። ይህን ሳይ ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

በሐምሌ ስዊድን በሙሉ ለዕረፍት ይዘጋል፤ የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ የደረሰው ነሐሴ ላይ ነው። ዓይናቸው ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ እይታ ስለሚያደበዝዝ ብቻቸውን መመለስ አይችሉም ተብሎ አብሬያቸው ሄድኩ። አገጫቸውን አንድ መሣሪያ ላይ አስደግፈው፣ ትንሽ ብርሃን ባዩ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ ተነገራቸው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቁልፉ ሲጫን እሰማለሁ። አንዴ ይጫናል፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ ነው። ሐኪሙ ያወጣው የእይታቸውን ስፋት የሚያሳየው ወረቀት መኻሉ ላይ ትንሽ ነጭ ቀርቶ ዙሪያው ጥቁር ነበር።

«መቼ ነው የጀመረህ?» አላቸው።

«ምንም አልጀመረኝም» አሉት ጋሽ ቀለመወርቅ። «ሥራዬ እኮ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ማንበብና መጻፍ ነው። ዓይኔ ቢደክም ቁጥሬ ይነግረኝ ነበር። በሦስት ዓመት አንድ ስሕተት ተገኘብኝ፤ እሱም ባለፈው ሰኔ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «እሷ ምስክሬ ናት። ንገሪው፣ ፀደይ።»

ሐኪሙ አየኝ። «እውነት ነው» አልኩት።

«የሚገርም ነው» አለ ሐኪሙ፤ «ይህ የዓመታት ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ሰው ሥራው ላይ ይታወቀዋል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ በጠብታ ብቻ እናቆመው ነበር። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ለመጠበቅ እንሞክራለን።» መርከብ መሳፈር እንደማይፈቀድላቸውም ጨምሮ ነገራቸው።

በአውቶቡስ ስንመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ኋላ ላይ «መርከቧ ግን አምራለች አይደል?» አሉኝ። አምራለች አልኳቸው። «ለሌናርት ነግሬዋለሁ። በእኔ ቦታ አንቺ ትሄጃለሽ» አሉኝ። እጄን ያዙና መታ መታ አደረጉኝ። ያን ጊዜ ከዚያ አውቶቡስ ዘልዬ ብወርድ ደስታዬ ነበር።

አሥር ቀን እንዲህ ሆኜ ከረምኩ። መርከቧ ልትወጣ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ መነን ሻይ አቀረቡልንና እዚያው ተቀመጡ። ቁጭ እንዳልኩ ጀመርኩት፤ ካረፍኩ እንደማልናገረው አውቃለሁ። የሰባተኛዋን ብልቃጥ ነገርኳቸው። ላጲሱን፣ እጅ ጽሑፋቸውን ማስመሰሌን፣ ሴንሰሩ ታሽጎ ሲሄድ ዝም ማለቴን፣ ሌናርትን መዋሸቴን፣ ሐኪሙ ፊት መመስከሬን ነገርኳቸው። «ቁጥሩ ልክ ስለነበር ነው ያልሄዱት፤ ልክ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ዓይንዎን የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩና እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

ጋሽ ቀለመወርቅ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የጻፍሻቸው ቁጥሮች ግን ትክክል ነበሩ?»

«ሁሉንም እንደገና ለክቻለሁ፤ አንድም የገመትኩት የለም።»

«ተነሺ በይ» አሉኝ። «ለክብሬ ብለሽ ነው፤ ክፉ አስበሽ አይደለም። ይሁን ልጄ፤ እግዜር ያለው ነው። ማክሰኞ ትሄጃለሽ፤ በዚህ ምክንያት የምትቀሪ እንዳይመስልሽ። በይ ሻይሽን ጠጪ፤ ቀዘቀዘ።» ድምፃቸው የወትሮው ነበር። ጠጣሁት። እውነቱን ልናገርና ለአፍታ ትከሻዬ ቀለለኝ። ማክሰኞም እንዳሉኝ ሄድኩ።

ያን ቀን ስወጣ እትዬ መነን እስከ ሊፍቱ ሸኙኝ። የቤቱን በር ከኋላቸው ዘጉት።

«እሳቸው ይሁን ብለውሻል» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እኔ ግን ይሁን አላልኩም። ከኋላሽ ከማማሽ ፊት ለፊት ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ከበሩ ጋር ሲጋጩ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ነው ብለው አየር ላይ ሲለቁት፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ እያልኩ ለመንኳቸው። ‹ዓይኔ ቢታመም ቁጥሬ ይበላሽ ነበር› ነው መልሳቸው። አላመንኳቸውም፤ አንቺን ጠየቅኩሽ። ትዝ ይልሻል?»

ምንም አልመጣልኝም።

«በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት፣ የጥምቀት ሰሞን። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሳህን እያጠብን። ‹ፀደይ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ሥራ ላይ ዓይናቸው እንዴት ነው?› አልኩሽ።»

ያን ጊዜ መጣልኝ። ላጲሱን ከያዝኩ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር፤ እየሳቅኩ «የእሳቸው ዓይንማ ከእኔም ይሻላል» አልኳቸው።

«ቤት ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው» አሉ እትዬ መነን። «‹ፀደይን ጠይቄያታለሁ፤ ከእንግዲህ በዓይንዎ አልነዘንዝዎትም› አልኳቸው። አልነዘነዝኳቸውምም።»

ሊፍቱ መጣ። በሩን ይዘውልኝ ቆሙ። አሥሩን ቀን ሙሉ ምን ምን እንዳደረግኩ አንድ በአንድ ስቆጥር ከርሜ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው ብዬ ነበር ከዚያ ቤት የወጣሁት። ይህችን ግን ደብቄ አልነበረም ያልነገርኳቸው፤ ረስቻት ነው።